ከደሴ እስከ ጉለሌ፦ አባቴ ወደ ሠራቸው መንታ ቤቶች

ከጉለሌ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀኛል። አንዷ መንገዱ እንዴት ነበር ትላለች፤ ሌላው አዲስ አበባ ስኳር ይገኛል ወይ ይላል፤ የማስተምራቸው ልጆች ደግሞ የፎቁን ቁመት ከጦሳ ተራራ ጋር እንዳወዳድርላቸው ይፈልጋሉ። ለእያንዳንዱ ቆራርጬ ስናገር ዋናው ነገር ሳይነገር ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሻው እስከ መመለሻው በየቀኑ የሆነውን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ብዙዎቻችን ከሐይቅና ከኮምቦልቻ አልፈን ስለማናውቅ፣ ላልሄደ ሰው እንደሚነገር አድርጌ ነው።

አባቴ ሁሴን አናጢ ነው። ደሴ ላይ እሱ በር ያልገጠመበት መንደር የለም ማለት ይቻላል። ስለ እነዚህ በሮች ግን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የሚያወራው በጎረምሳነቱ፣ ከጣሊያን መምጣት በፊት፣ ጉለሌ ላይ ስለ ሠራቸው ሁለት ቤቶች ነው። በእግሩ አዲስ አበባ ገብቶ ከአንድ አርመን አናጢ ሥር ሥራ ይዞ ነበር። አንድ ነጋዴ ለሁለት ሴት ልጆቹ አንድ ዓይነት ሁለት ቤት ያሠራ ነበርና፣ አባቴ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ጫፍ አብሮ ሠራ። ቤቶቹ ባለ አንድ ፎቅ ናቸው። ጎን ለጎን ቆመው መሐላቸው ያለውን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ከፎቁ ፊት ለፊት ሁለቱን የሚያያይዝ ረጅም የእንጨት በረንዳ አለ። የሠፈሩ ሰው መንታዎቹ ይላቸዋል። ሥራው ሲያልቅ አባቴ ወደ ደሴ ተመለሰ፤ ጦርነት መጣ፣ ትዳር መጣ፣ እኛ መጣን። ዳግመኛ አላያቸውም። እኛ ልጆቹ ግን የደረጃቸውን ብዛት በቃላችን እናውቃለን፤ አሥራ አራት ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤ መጣለት። የጻፈው እንድሪስ ነው፤ የአባቴ አብሮ አደግ ልጅ፣ እዚያው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ለሸማኔዎች ድርና ማግ የሚሸጥ። ደብዳቤውን እኔ አነበብኩለት። የቅርስ መዝጋቢዎች መጥተው ሁለቱንም ቤት እንደ መዘገቡና ቁጥር እንደ ለጠፉባቸው፣ ነገር ግን የግራው ቤት ዘንበል ስላለ ቀበሌው ሰው ላይ ሳይወድቅ ፎቁን ላፍርሰው እንዳለ፣ ስለ አሠራሩ የሚያውቅ ሰው ካለ ቶሎ መጥቶ ይናገር እንደ ተባለ ይገልጻል።

አባቴ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብሎ አጠፈና፣ "ዘንበል ያለው ዛሬ አይደለም" አለ።

"መቼ ነው?"

"ሥራው ሊያልቅ ሲል ክረምት ገብቶ የግራው መሠረት ሰጠመ። አርመኑ ለሥራ ድሬዳዋ ወርዶ ነበር። ባለቤቱ ሳያይብኝ ብዬ፣ ከመሐሉ ግድግዳ ውስጥ የጥድ ምሰሶ አቆምኩና የፎቁን ወለል የሚሸከመውን ወራጅ እንጨት አሳረፍኩበት። ከላዩ በጭቃ መረግኩት። ለአርመኑም አልነገርኩ፣ ለማንም አልነገርኩ።"

"እስከ ዛሬ?"

"እስከ ዛሬ። ምሰሶው መኖሩን ሳያውቁ ፎቁን ማፍረስ ከጀመሩ ሁለቱም ቤት ነው የሚወርደው። ቦታው ከሦስተኛው ደረጃ ትይዩ፣ በግራው ቤት በውስጥ በኩል ነው። ሂጂና ንገሪያቸው፣ ሉባባ።"

እሱ እግሩ ከከዳው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወንድሜ ወደ ሰሜን ዘምቷል። እኔ አስተማሪ ነኝና የጥር ዕረፍት ደርሶ ነበር። የምሄደው እኔ ሆንኩ።

ሰኞ

ከቀበሌያችን የይለፍ ወረቀት ይዤ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመነኸሪያው ተሳፈርኩ። እናቴ ለእንድሪስ ቤት አንድ ጣሳ ማር ሰጥታኛለች፤ ክዳኑን በሊጥ አሽጋዋለች። ጣሳውንና የይለፍ ወረቀቱን በአንድ ቦርሳ መክተቴ ነው ጥፋቱ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሊጡ ለቆ ኖሮ፣ ኬላ ላይ ወረቀቱን ሳወጣ ማር ይንጠባጠባል። ወታደሩ በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ጣቶቹ ተጣበቁ። ማኅተሙን ሲፈልግ ቆይቶ ከማሩ ሥር አገኘው። እኔ በኀፍረት መሬት መሬት አያለሁ።

"የየት ማር ነው?" አለኝ።

"የወረባቦ።"

ጣቱን ላሰና፣ "እውነትም የወረባቦ ነው" ብሎ ወረቀቱን በሣር ጠርጎ መለሰልኝ። እስከ ከሚሴ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ እየዞረ "ማሯ" ሲለኝ ሄደ።

ከከሚሴ ወዲያ ቆላው ሞቀን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም የተጣጣፈ ስለ ነበረ ጎሚስታው ሁለቱንም አውርዶ እስኪጠግን ከሦስት ሰዓት በላይ ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። በዚያው መዘዝ ደብረ ሲና አደርን። ሆቴሉ ሞልቶ ነበር። ባለቤቷ ሻሼን አይታ፣ "እስላም ነሽ?" አለችኝ። አዎ ስላት፣ "እንግዲያው ሥጋችን ለአንቺ አይሆንም፤ ድንች ላስቀቅልልሽ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ድንቹን ከቃሪያ ጋር አቀረበችልኝ፤ አልጋ ሲጠፋም የልጇን አልጋ ለቀቀችልኝ። ደሴ ቢሆን ጎረቤት ካለው እስላም ቤት ሥጋ ልካ ታስመጣልኝ ነበር፤ ደብረ ሲና ላይ ግን ያላትን ሁሉ ነው የሰጠችኝ።

ማክሰኞ

የጣርማ በርን የተራራ ዋሻ ጠዋት አለፍን። ከዋሻው ወዲህ ጉም፣ ከዋሻው ወዲያ ደግሞ ፀሐይና የሚቆርጥ ንፋስ ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ስንወጣ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። የደሴ ሰው ቀና ሲል ተራራ ካላየ ጣሪያ የተገፈፈበት ይመስለዋል። ጎኔ ለተቀመጡ ሽማግሌ እንዲህ ብዬ ስነግራቸው፣ "እኛ ደግሞ ደሴ ስንሄድ ትንፋሽ ያጥረናል" አሉኝ።

አውቶቡስ ተራ ከቀትር በኋላ ደረስን። እዚያ "ውይይት" የሚሏት ትንሽ ታክሲ አለች፤ ሰዉ ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥባት ነው አሉ፣ እንደ ቀበሌ ስብሰባ። ለረዳቱ "ጉለሌ" አልኩት። ጫጫታ ነበርና እሱ "ሸጎሌ" ያልኩ መሰለው። መውረጃሽ ነው ብሎ ያወረደኝ ከብት ገበያ ላይ፣ ከበሬና ከበግ መሐል ነው። ዙሪያዬን ባይ ፎቅ የለ፣ ደረጃ የለ፤ ሰው ሁሉ የከብት ጥርስ ገልጦ ያያል።

በጎቹን ሸጦ የጨረሰ አንድ ነጋዴ ግራ መጋባቴን አየና፣ "ምን ጠፋብሽ፣ እኅቴ?" አለኝ። ነገርኩት። "ሽሮ ሜዳ ከሆነ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ግን ብቻሽን አታገኚውም" ብሎ ቦርሳዬን ትከሻው ላይ አደረገ። የከተማ አውቶቡስ ድረስ ወስዶኝ አብሮኝ ተሳፈረ፤ ሽሮ ሜዳ ሲያወርደኝ ነው ቤቱ በተቃራኒው መንገድ መሆኑን የነገረኝ። ጋቢው በማር ተለውሶ ነበር። ይቅርታ ስለው፣ "ሚስቴ የበግ ሽታ ነው የለመደችው፤ ዛሬ ትገረማለች" አለኝና ሄደ። ስሙን ሳልጠይቀው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የእንድሪስ ሱቅ ከጣሪያ እስከ ወለል የተጠቀለለ ክር ነው። ሚስቱ ዘሃራ ቦርሳዬን ገና ከእጄ ስትቀበል እጇ ተጣበቀ። ውኃ አሙቃ ቦርሳውንም እኔንም አጠበች፤ የቀረውን ማር ለራት ከቂጣ ጋር አቀረበችው። ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ አመሸን።

ረቡዕ

ስነቃ ደሴ ያለሁ መሰለኝ። ከጀርባ ተራራ፣ ቅዝቃዜ፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ። ልዩነቱ ደሴ ላይ ተራራው ዙሪያውን ከቦ ይይዝሃል፤ ጉለሌ ላይ ግን ጀርባህን ይደግፍና ፊትህን ለከተማው ይለቅልሃል። ከየደጁ የሸማኔ መወርወሪያ ሲመታ ይሰማል።

እንድሪስ ሱቁን ለዘሃራ ትቶ ወደ መንታዎቹ ወሰደኝ። አንድ ቅያስ ታጥፈን ድንገት ፊት ለፊት ቆምን። አባቴ ነግሮኝ ነበርና የማላውቀው ነገር አልነበረም። የምድር ቤቱ ድንጋይ ነው፤ ፎቁ ከእንጨትና ከጭቃ። የጣሪያው ቆርቆሮ ዝጎ ቀይ ሆኗል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጣውላው እንደ ዳንቴል ተበስቶ ይንጠለጠላል። ጥለቱን አባቴ ከእናቱ ሌማት ላይ ወስዶ እንደ ቀረጸው ሲነግረን ኖሯል፤ እኔ ያንን ሌማት አላየሁትም፣ አያቴንም አልደረስኩባትም፤ ጉለሌ ላይ ጣውላ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለቱ ቤቶች መንታ መሆናቸው የሚታወቀው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ነው። የቀኙ ቀለም ተቀብቷል፣ መስኮቶቹ መስተዋት አላቸው። የግራው መስኮት በካርቶን ተደፍኗል፤ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከጣውላው ጥልፍ ግማሹ የለም። ግድግዳውም፣ እውነት ነው፣ ዘንበል ብሏል፤ ጆሮውን ወደ ጎረቤት እንደሚያስጠጋ ሰው። ከሁለቱም በር በላይ የመዝጋቢዎቹ ቁጥር በቆርቆሮ ተለጥፏል።

በቀኙ ቤት የሚኖሩት ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው፤ ቤቱ ከተሠራላቸው ሁለት ልጆች ታናሿ። ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ ፀጉራቸው ነጭ ነው። የከተማ ቤት ሲወረስ የሚኖሩበት ቤት ስለሆነ ቀርቶላቸዋል። የግራው የታላቅ እኅታቸው ነበር፤ እኅትየዋ በዚያው ዓመት ስላረፉ ቀበሌው ተረክቦ አከራየው።

እንድሪስ ማን መሆኔን ሲነግራቸው ወይዘሮ አሰለፈች ትክ ብለው አዩኝ።

"የሁሴን ልጅ? የወሎዬው? የአውራ ጣቱ ጥፍር ሁልጊዜ ጥቁር የነበረው?"

"አሁንም ጥቁር ነው" አልኳቸው። "መዶሻ አይለቀውም ነበር።"

"በሕይወት አለ?"

"አለ። እግሩ ነው የከዳው።"

አስገቡኝ፤ ሻይና ዳቦ አቀረቡ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ ምሰሶው ስናገር የአባቴን ጥፋት ለባለቤቱ ልጅ መናዘዝ መሰለኝ። አባቴ አፍሮ እንደ ደበቀውም አልሸሸግኩም።

ወይዘሮ አሰለፈች ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ይኸን ሁሉ ዘመን እኅቴን የተሸከመውን እንጨት ነው የሚያፍርበት?" አሉ። ከዚያ ወደ መሐሉ ግድግዳ ዞር ብለው፣ "እኔ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ካለፍኩ ቆየሁ። የእኅቴ አስከሬን ከወጣ ወዲህ ገብቼ አላውቅም። ሰዎቹንም ሰላም ብያቸው አላውቅም" አሉኝ።

ሐሙስ

ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ጓድ መኮንን ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ድካም የሚታይበት ሰው ነው። ክፉ ሰው ይገጥመኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበርና ደግነቱ ግራ አጋባኝ። ወንበሩን ለእኔ ለቆ እሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ስሚኝ፣ ጓዲት አስተማሪ" አለኝ። "ቅርስ ነው የሚለው ወረቀት እጄ ላይ አለ፤ አከብረዋለሁ። ወረቀት ግን ግድግዳ አይደግፍም። ክረምት ገብቶ ፎቁ ልጆች ላይ ቢወርድ የሚጠየቀው ወረቀቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።"

"ምሰሶ አለው እኮ ነው የምልዎት።"

"አባትሽ ይላሉ። እኔ አላየሁትም። ሰኞ ሠራተኞች ጣሪያውን ማውረድ ይጀምራሉ። እስከዚያ ምሰሶውን ካሳየሽኝና መጠገን የሚቻል ከሆነ፣ እኔ ራሴ አስቆማቸዋለሁ።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ ግራው ቤት ሄድን። ምሰሶው ያለበት የምድር ቤት ክፍል ተከራይ አቶ ጴጥሮስ ነው፤ ሆስፒታል ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነው፣ ሚስቱ አልማዝ ትባላለች፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ እሑድ እሑድ እቤታቸው ድምፃቸውን ቀንሰው እንደሚዘምሩ እንድሪስ አስቀድሞ ነግሮኛል። ጴጥሮስ ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ።

"አይሆንም" አለ በቀስታ። "ግድግዳው ከተከፈተ ለጥገና ውጡ ይሉናል። ከወጣን ማን ይመልሰናል? አምስት ነፍስ ነን። ይህን አንድ ክፍል ያገኘሁት ስንት ዓመት ደጅ ጠንቼ ነው።"

"ካልተከፈተ ግን ሰኞ ያፈርሱታል።"

"የሚያፈርሱት ፎቁን ነው። ምድር ቤቱ ይቀራል።"

"ፎቁን ሲነኩት ምድር ቤቱም ይወርዳል፤ አባቴ እንዲያ ብሏል።"

"አባትሽን አላውቃቸውም" አለኝ። በቁጣ አልነበረም። አልማዝ ሻይ ልታፈላልን ተነሥታ ነበር፤ እሱ እንዲህ ሲል ውኃውን እንደያዘች ቆመች።

ዓርብ

እንድሪስ ወደ ጁምዓ ሄደ። እኔ ከዘሃራ ጋር ቤት መቀመጥ አልሆን አለኝና ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። እኔማ እየተሰናበትኩ ነበር። ደሴ ተመልሼ ለአባቴ ምን እንደምለው ነበር የማስበው።

ወይዘሮ አሰለፈች ነጠላቸውን አንሥተው ለበሱና ወጡ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ግቢውን አቋረጡ፤ የእኅታቸውን በር አንኳኩ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

የከፈተው ጴጥሮስ ነው። ሲያያቸው ደነገጠ።

"አቶ ጴጥሮስ፣ የኔ ምድር ቤት ባዶ ነው" አሉት። "ግድግዳው እስኪዘጋ ልጆችዎን ይዘው ይግቡ። ቀበሌው ካልመለስዎ እዚያው ይኖራሉ። ቤቱ የኔ ስለሆነ የሚያስወጣዎ የለም።"

ጴጥሮስ በሩን ይበልጥ ከፈተው። "እማማ፣ እርስዎ እኮ ከእኛ ጋር ተነጋግረው አያውቁም" አለ።

"አላውቅም" አሉ። ከትከሻው በላይ ወደ ውስጥ እያዩ ነበር። ጥግ ላይ ካለው አልጋ ትንሿ ልጅ ተኝታለች። "እኅቴ ሲያማት ከፎቅ ወደዚህ አውርደናት ነበር። አልጋዋ እዚያው ጥግ ነበር" አሉ። አልማዝ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ገብተው ከልጅቷ እግር ሥር ተቀመጡ፤ ልጅቷ ሳትነቃ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው። እኔ ደጅ ቀረሁ። እዚያ መግባት የኔ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት የጴጥሮስን ዕቃ ወደ ቀኙ ቤት አሻገርን። እንድሪስ ለሸማኔዎች ዕቃ የሚሠራ አናጢ አመጣ፤ ጋሽ ማሞ ይባላሉ፣ ዶርዜ ናቸው። ደረጃው ከደጅ ተነሥቶ በመሐሉ ግድግዳ ጎን ወደ በረንዳው ይወጣል። እኔ ከውጭ ሦስተኛውን ደረጃ ቆጥሬ፣ ከውስጥ ትይዩውን በከሰል ምልክት አደረግኩ። ጋሽ ማሞ ምርጉን በመጥረቢያ ጀርባ መቱት። ጭቃው ረገፈ፤ ማገር ታየ፤ ምሰሶ ግን የለም። ወደ ውስጥ ጠለቁ። የለም።

አልማዝ የረገፈውን ጭቃ ከወለሉ መጥረግ ጀመረች። አባቴ አርጅቷል፣ ምናልባት ሕልሙን ከሥራው ጋር ቀላቅሎት ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ በማሰቤም አዘንኩ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ለማረጋገጥ ከላይ ወደ ታች ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስት። ልጅ ሆነን የሸመደድነው ግን አሥራ አራት ነው። ወይዘሮ አሰለፈችን ጠየቅኳቸው።

"አንዱ ከመሬት በታች ነው" አሉኝ። "መንገዱን አፈር ሞልተው ከፍ ሲያደርጉት የታችኛው ተቀበረ።"

የአባቴ ሦስተኛ ደረጃ ዛሬ ሁለተኛው ነው። ሮጬ ገብቼ ምልክቱን በአንድ ደረጃ ወደ ታች አዛወርኩ። ጋሽ ማሞ ሁለት ጊዜ እንደ መቱ ድምፁ ተለወጠ። ጭቃው ሲረግፍ እንደ ክንድ የወፈረ ሳይሆን እንደ ሰው ወገብ የወፈረ ጥድ ወጣ። ሽታው ሳይቀር ነበረው። ከጎኑ ባለው ጭቃ ላይ የአራት ጣት መስመር ከላይ ወደ ታች ተጎትቶ ደርቋል፤ የቸኮለ ሰው ምርግ። ጋሽ ማሞ ልነካው መፈለጌ ገብቷቸው ፈቀቅ አሉልኝ። ጣቶቼን አስገባሁባቸው፤ ሰፉኝ።

ችግሩ ከእግሩ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው ቦኖ ውኃ ከሥሩ እየሰረገ አንድ ስንዝር የሚሆነውን አበስብሶታል። ጋሽ ማሞ በጣታቸው ሲነኩት እንደ ዳቦ ፈረሰ። ቤቱ ከቀድሞው ይበልጥ የዘነበለው ለዚህ ነው።

"የበሰበሰውን ቆርጠን ድንጋይና ወይራ እናስገባለን" አሉ። "ከዚህ በላይ ያለው ግን ጤነኛ ነው፤ እኔንም አንቺንም ይቀብራል።"

ሰኞ

እሑድ አረፍን። ሰኞ ጓድ መኮንን ከሠራተኞቹ ጋር መጣ። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ፤ በእጁ ገፋው፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ ሊወጡ የነበሩትን ሰዎች፣ "ውረዱ፤ ይልቅ እዚህ አግዙ" አላቸው። እንድሪስ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር የመኪና ማንሻ ክሪክ ተውሶ ነበር። ወራጁን በክሪክ ሲያነሡት ቤቱ ከላይ እስከ ታች አቃሰተ። የጣት ውፍረት ያህል ተነሣ። ጋሽ ማሞ የበሰበሰውን በመጋዝ ቆርጠው አወጡ፤ ጥርብ ድንጋይ አስቀመጡ፤ በላዩ የወይራ ጉማጅ አስገቡ። ክሪኩ ሲለቀቅ ቤቱ እንደገና ቁጭ አለ፤ ቆመ።

ጓድ መኮንን ፎቁ እንዳይፈርስ እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ፈረመ፤ ቦኖውም ይነሣል አለ። የተሰበረውን የጣውላ ጥልፍ ግን የሚያሠራበት እንደሌለው፣ ክፍቱ በተራ ሳንቃ እንደሚሸፈን ነገረኝ። ከፋኝ፤ ግን ክርክር አላነሣሁም። ጴጥሮስ ግድግዳው ሲዘጋ ወደ ክፍሉ እንዲመለስም በጽሑፍ ሰጠው። ጴጥሮስ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ አጠፈውና ወደ እኔ መጣ። "ለአባትሽ ሰላም በይልኝ፤ አሁን አውቄያቸዋለሁ" አለኝ።

ማክሰኞ

የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ምሳ በረንዳው ላይ እንብላ አሉ፤ በግራው ወገን፣ በእኅታቸው በኩል። አልማዝ የተሰጣውን ልብስ ሰብስባ በርጩማዎች አወጣች። ምስር ወጥና ጎመን ነበር። ከፊታችን ከተማው ቁልቁል ተዘርግቷል፤ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ፣ ጭስ፣ ዛፍ፣ እጅግ ሩቅ ደግሞ ሰማያዊ ተራራ። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ርቀት የለም። ከዚያ ርቀት ወዲያ ማን እንዳለ እያሰብኩ ጉርሻዬን ረሳሁት፤ ወንድሜ ትዝ አለኝ፣ እሱ ግን ያለው ከጀርባዬ በሰሜን ነው።

"እኅቴ በዚህ ጫፍ፣ እኔ በዚያ ጫፍ ተቀምጠን ድምፃችንን ሳናነሣ እናወራ ነበር" አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። "ብዙ ጊዜ ወሬም አልነበረን። መኖሯን መስማት ነበር።"

ከዚያ፣ "አባትሽ ለምን አልተመለሰም?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ ሊመጣ ነበር" አልኳቸው። እውነቱም ይኸው ነው።

ሲሸኙኝ ግንባሬን ሳሙኝ። ዘሃራ በታጠበው ጣሳ ውስጥ ለእናቴ የሚሆን በሶ ሞልታ ሰጠችኝ። በማግስቱ ማለዳ ተሳፈርኩ። የመመለሻው መንገድ ጎማም አልፈነዳበትም፣ የጻፍኩትም የለም። ያን ዕለት ማታ ደሴ ገባሁ።

አባቴ

ጠዋት ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። የበሰበሰውን ስንዝር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ደረጃው መቀበሩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ አሰለፈች ያሉትን ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል፣

"በረንዳው ላይ ወጣሽ?" አለኝ።

"ወጣሁ። ምሳ በላን።"

"ቆማችሁ?"

"ተቀምጠን እንጂ። በርጩማ አወጡልን።"

አባቴ ከትራሱ ቀና አለ። "እኔ እዚያ ላይ ተቀምጬ አላውቅም" አለ። "ስንሠራ ቆመን ነው። ካለቀ በኋላ የሚወጡት ባለቤቶቹ ናቸው። የበረንዳውን መደገፊያ ስቆርጥ አርመኑ ከፍ አድርገው አለኝ። እኔ ግን ልጆቹ ሲቀመጡ ከላዩ አሻግረው ይዩ ብዬ በግምት ዝቅ አደረግኩት። ልክ ይሁን አይሁን ሳላውቅ መጣሁ።"

"ይታያል፣ አባባ። ተቀምጬ፣ አንገቴን ሳላቀና፣ ከተማው እስከ ዳር ይታያል።"

"በርጩማው አጭር ነበር?"

"አጭር ነበር።"

እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣና መዳፉን ከወለሉ በላይ አየር ላይ ዘረጋ። "ይህን ያህል ነው የቆረጥኩት?" አለኝ።

እጁን ይዤ ትንሽ ከፍ አደረግኩት። "ይህን ያህል።"

እጁን እዚያው ላይ እንደያዘ፣ ከመዳፉ በላይ አሻግሮ እያየ ቆየ።